ብሔራዊ ተጠርቷል

ይድረስ ለእህቴ ለፈድሊያ፣ አሰብ።

አሰላሙ አለይኩም ወረህመቱላሂ ወበረካቱህ። እንዴት ነሽ? እንዴት ከረምሽ? ሙቀቱስ እንዴት ያደርግሻል? አንገትሽ ላይ የሚወጣው ሽፍታ ተወሽ ወይስ አሁንም ቀኑን ሙሉ እርጥብ ፎጣ ጠምጥመሽ ነው የምትውይው? አብደላስ እንዴት ነው? ወደብ ላይ ዕቃ ሲያወርድ የተቀጨው ወገቡ ዳነ? ትንሿ ዙህራስ በእግሯ መሄድ ጀመረች? ከጀመረች አሻንጉሊት አትስጧት፣ ኳስ ስጧት። የአጎቷ ደም ካለባት በግራ እግሯ ነው የምትመታው። እኛ አልሃምዱሊላህ ደህና ነን። ዝናቡ ገና በሰኔ መጀመሪያ የማድቤቱን ጣራ ወንፊት አደረገው እንጂ ሌላ የከፋ ነገር የለም። እማ ጉልበቷን ያማታል። ምላሷ ግን አንቺ እንደምታውቂው ነው፣ ምንም አልነካውም።

ይህን የምጽፍልሽ መጋዘኑ በር ላይ፣ ቡና በሞላ ጆንያ ላይ ተቀምጬ ነው። የጋሽ ዘለቀ መኪና እየተጫነ ነው። ጋሽ ዘለቀን መቼም አትረሺያቸውም፣ አንቺ ለኢድ የላክሽውን ሽቶና የእማን ሻሽ ያመጡልን ሹፌር ናቸው። ነገ እሁድ ጠዋት ቡናውን ይዘው ወደ እናንተ ይወጣሉ። በፖስታ ያልላክሁት ለምን እንደሆነ ስታነቢው ይገባሻል። ፖስታ ስንት እጅ እንደሚነካው አይታወቅም፣ የጋሽ ዘለቀ ኪስ ግን አንድ እጅ ብቻ ነው የሚገባበት። ጽሕፈቱ ከተንሻፈፈ የጆንያው ጥፋት ነው። እኔ እንደሆንኩ ስድስተኛ ክፍልን ሁለት ጊዜ ነው የተማርኩት፤ አንዴ ከተማረ ሰው እበልጣለሁ።

በጋሽ ዘለቀ በቃል የላክሽው መልእክት ደርሶኛል። ቲጃኒን ጭነው ያምጡልኝ፣ አብደላ ወደብ ያስገባዋል ብለሻል። እነሱም በረዳትነት ሊወስዱኝ ዝግጁ ናቸው፤ ረዳታቸውን መንገድ ላይ ለውትድርና አፍሰው ወስደውባቸው ጋቢናው ባዶ ነው። እመጣለሁ ወይስ አልመጣም? መልሱ መጨረሻ ላይ ነው። እንዳትዘይ፤ ዘለሽ እንደምታነቢ አውቃለሁ። ዋላሂ እኔም ራሴ እዚያ ስደርስ ነው የማውቀው። መጀመሪያ ዓመቱ እንዴት እንዳለፈ ልንገርሽ፣ ያለዚያ መልሱ አይገባሽም።

ዓመቱ ሊገባ ሲል ሪፐብሊክ ሆናችሁ ተባልን። ከዚያ በፊት ምን እንደነበርን አላውቅም፣ ብቻ ሆንን። መስከረም ሁለት ለአብዮት በዓል ሰልፍ ስንወጣ ቀበሌያችን ትልቁን ባንዲራ የሚይዝ ትከሻ ፈለገ። ማንን መረጡ መሰለሽ? ሌላው ቀበሌ ለሁለት ነው የያዘው፤ እኔ ብቻዬን፣ ያውም ዝናብ ጠጥቶ የጆንያ ያህል ከብዶ፣ ከፈረንጅ አራዳ እስከ ስታዲየም ሳላወርደው ደረስኩ። የቀበሌው የኪነት ልጆች መጠለያ አጥተው ከባንዲራው ስር ገቡ። ዙቤይዳ የምትባል ዘፋኝ አለቻቸው፣ ለየበዓሉ አንድ ዜማ ላይ አዲስ ግጥም የምትሰካ። ያን ቀን «ባንዲራው ነው ወይስ አንተ ነህ የምትንጠባጠበው?» አለችኝ። ይህቺን ልጅ በአእምሮሽ ያዣት፣ ኋላ ትመጣለች።

ከዚያ ደግሞ ክፍለ ሀገር የሚባል ነገር ቀርቷል፣ የአስተዳደር አካባቢ በሉ ተባልን። እናንተ አሰቦች ራስ ገዝ ሆናችኋል አሉ በሬዲዮ። እማ ይህን ሰምታ ፈድሊያ ራሷን ከገዛች ታዲያ ለምን አትመጣም አለች። እኔ አስረዳኋት። እኔም አልገባኝም ነበር፣ ግን አስረዳኋት። ደዶ ያሉት አጎታችን ኢስሃቅም መንደር ግቡ ተብለው ቤታቸውን ነቅለው ሜዳ ላይ ተከሉት። ቡናቸው ከላይ ቀረ፣ እሳቸው ከታች። ጠዋት ጠዋት ዳገቱን ወጥተው ቡናቸውን እንደታመመ ዘመድ ጠይቀው ይወርዳሉ። እንዴት አደሩ ስላቸው፣ እኔ ደህና ነኝ፣ ዛፎቹ ናቸው ብቻቸውን ያደሩት ይሉኛል።

አሁን ወደ ዋናው ነገር። የመጋዘኑ ጫኝና አውራጆች የኳስ ቡድን አቋቁመናል፤ ዘጠኝ ቁጥር እኔ ነኝ። በዚህ ዓመት ጅማ ውስጥ እኔን ያቆመ ተከላካይ የለም፤ ያቆመኝ ጭቃ ብቻ ነው። በረኛችን አልዓዛር ነው። አንቺ አሰብ ስትሄጂ የኋላውን ክፍል የተከራዩትን፣ ከከምባታ የመጡትን ጴንጤዎች ታስታውሺ የለ? ባላቸው የሞቱባቸው፣ ቡና የሚለቅሙት እትዬ የትናየት፣ የእሳቸው አንድ ልጅ ነው። አብረን ነው የምንጭነው። እኔ እየተሳደብኩ እጭናለሁ፣ እሱ መዝሙር እያጉረመረመ ይጭናል፤ ጆንያው እኩል ነው። ስለኔ የሚያወራውን ብትሰሚ! ቲጃኒ ኳስ የሚሰጠው ለዳኛ ብቻ ነው፣ ያውም ጨዋታው ሲያልቅ ይላል። ልጆቹ ይህን ተቀብለው ሜዳ በገባሁ ቁጥር ይዘፍኑብኛል። እኔ ምን ቸገረኝ፤ ለማን ልስጥ? የሚያገባ ሰው ሳይ ነው የምሰጠው።

ታህሳስ ላይ የምሥራቅና የመካከለኛው አፍሪካ ዋንጫ አዲስ አበባ ላይ ነበር። እናንተም ጋ ሳትሰሙ አትቀሩም። የፍጻሜው ዕለት ሂርማታ ያለው ሻይ ቤት ውስጥ ሰው በሰው ላይ ተነባብሮ በሬዲዮ እንሰማለን። ከዚምባብዌ ጋር እኩል ወጡና ወደ ሪጎሬ ተሄደ። እኔ መቀመጥ አልቻልኩም፤ ወጥቼ ሻይ ቤቱን እዞራለሁ፣ ውስጥ ጩኸት ስሰማ ገባ እላለሁ፣ ጸጥ ሲል ሳተ እላለሁ። በመስኮት ሳይ አልዓዛር ዓይኑን ጨፍኖ ይጸልያል። ለማን ነው የምትጸልየው ብዬ ጮህኩበት። ለሁለቱም በረኞች አለኝ። ለዚምባብዌውም? ስለው፣ ኤዬ፣ አዎ፣ እሱም እናት አለው አለኝ። ጆሮውን ልጠመዝዘው ስገባ አሸነፍን። ዋንጫው የእኛ! ሻይ ቤቱ ሦስት ብርጭቆና አንድ ወንበር ተሰበረበት፤ ወንበሩን የሰበርኩት እኔ ነኝ፣ በደስታ ነው። እና ከዚያ ቀን ጀምሮ ለኔ ጆሮ ብሔራዊ ማለት አንድ ነገር ብቻ ሆነ። ብሔራዊ ቡድን። አበቃ።

ያለ ምክንያት አይደለም። መጋቢት መግቢያ ላይ ከአጋሮ ጋር ስንጫወት ከአዲስ አበባ የመጣ አንድ አሰልጣኝ ከዳር ቆሞ ያይ ነበር። ሁለት ጎል አገባሁ። ሲያልቅ መጥቶ ትከሻዬን መታ መታ አደረገና ስምህ ማን ነው አለኝ። ቲጃኒ አልኩት። እንዳትጠፋ አለኝ። ይኸው ነው ያለኝ፣ አንዲት ቃል አልጨመርኩበትም። ጨዋታውን ግን ሦስት ለሁለት ተሸነፍን። ሦስተኛው ጎል የገባብን እንዴት ነው ብትይ፣ የአጋሮ አጥቂ በረኛችን ላይ ወድቆ ተጎዳ፤ አልዓዛር ኳሱን ለቆ ሰውየውን ይቅርታ እያለ ሲያነሳ ሌላው መጥቶ አገባው። ኳሱን ለቆ! ሳምንት ሙሉ አላናገርኩትም። እሱ ግን ሰውየው እግሩ ደህና መሆኑን ለመጠየቅ አጋሮ ድረስ ሄደ።

መጋቢት መጨረሻ ላይ ሬዲዮው ዜማውን ቀየረ። ሰሜን ነገሩ ከበደ፣ ሁሉም ነገር ወደ ጦር ግንባር ተባለ። ከሶማሌ ጋር ታረቅን ሲሉ ደግሞ እማ እልል ልትል ነበር፣ የዚያ ወታደር ወደ ሰሜን ይሄዳል እንጂ ወደ ቤቱ አይመለስም ሲሏት ተወችው። ረመዳን ሊገባ ዋዜማው ላይ ደግሞ የኛ ሰው ሮተርዳም በምትባል አገር ማራቶን ሮጦ የዓለምን ሪከርድ ሰበረ። ኦሎምፒክ ግን አንሄድም ይባላል። ታዲያ ለምንድነው የሰበረው ብዬ ሰው ሁሉ ጠየቅኩ። ያን ሰሞን አንድ ነገር ያዘኝ ፈድሊያ። መቀመጥ እምቢ አለኝ። ከሥራ ስወጣ ተነስቼ እስከ ኪቶ ፉርዲሳ እሮጣለሁ፣ እመለሳለሁ፣ ደግሞ እሮጣለሁ። አንዱ ዋንጫ ያነሳል፣ አንዱ ሪከርድ ይሰብራል፣ አንዱ ጦር ሜዳ ይሄዳል፣ አንቺ ባሕር አጠገብ ትኖሪያለሽ። እኔ ጆንያ ስር። ጅማ ጠበበችኝ። እማ ጂኒ ነው አለች፣ ቅዱስ ቁርኣን አስቀራችብኝ። ጂኒ አይደለም፤ እግር ነው።

ኢድ ካለፈ በኋላ ልጆች ከሰፈር መጥፋት ጀመሩ። ለብሔራዊ ውትድርና ከየግቢው ይፈለጋል ተባለ። አንዳንዱ ዘመድ ጋ ቡና ስር ገባ፣ አንዱማ የእህቱን ቀሚስ ለብሶ ገበያ ሲዞር በጢሙ ተያዘ። እኔ ግድም አልሰጠኝ። እኔ አሰልጣኙ እንዳትጠፋ ያለኝ ሰው ነኝ፣ ለምን እጠፋለሁ?

ግንቦት መጨረሻ፣ ሜዳ ላይ እየተለማመድን ሳለ የቀበሌው ጥበቃ አሊ ሆዱ እየቀደመው ከሩቅ እየሮጠ መጣ። ከመስመሩ ላይ ቆሞ፣ ትንፋሽ አጥሮት፣ «ከለጢፋ ግቢ ብሔራዊ ተጠርቷል! ማክሰኞ ጠዋት ቀበሌ ይቅረብ!» ብሎ ጮኸ። ለጢፋ ማናት? የኔ እናት። ግቢው የማን ነው? የኛ። ብሔራዊ ማን ነው የሚጠራው? ኳሷን ጣልኩና እኔ ነኝ! አቤት! እኔ ነኝ! ብዬ ሜዳውን አቋርጬ አሊን ጉንጩን ሳምኩት። ልጆቹ ተሸከሙኝ። አልዓዛር ከጎሉ ሮጦ መጥቶ አቅፎኝ አለቀሰ፣ ሳይጠሩህ አይቀሩም ብዬ ነግሬህ ነበር አለኝ። አሊ አፉን ከፈት አድርጎ አንድ ነገር ሊል ነበር፤ ደስታችንን አየና ይሁና ብሎ ሄደ። አሊን ታውቂው የለ፣ ሰው ሲስቅ ካየ ማስቀየም አይሆንለትም።

ከዚያ ምን ልበልሽ! እስከ ማክሰኞ ድረስ እኔ የጅማ ሙሽራ ነበርኩ። ሂርማታ ገበያ ላይ ያልነገርኩት ሰው ካለ ያን ቀን ገበያ ያልወጣ ነው። እማ ሽማግሌዎች ጠርታ ዱአ አስደረገች። አጎታችን ኢስሃቅ ከደዶ አንድ ቅል ማር ይዘው መጡ፣ እግርህን ቀባው አሉኝ፣ እኔ በላሁት። ዙቤይዳም ያቺን ዜማዋን አንስታ የኔን ስም ሰካችባት፣ የለጢፋ ልጅ ቲጃኒ ብሔራዊ ተጠራ የሚል፤ የኪነቱ ልጆች በከበሮ እየመቱ ግቢያችን ድረስ መጡ። አልዓዛር ታኬታዬን ጭቃውን ፍቆ፣ በቅባት ወልውሎ፣ ማሰሪያውን ቀየረልኝ። ለበረኛ የሚሆን ቦታ ካለ ንገራቸው አለኝ እየሳቀ። እነግራቸዋለሁ አልኩት፤ ዋላሂ ልነግራቸው ነበር።

ማክሰኞ ጠዋት ታኬታዬን በአንገቴ አንጠልጥዬ ቀበሌ ሄድኩ። ግቢው ውስጥ ልጆች መሬት ላይ ተደርድረው ተቀምጠዋል፣ እናቶች ከአጥሩ ውጭ ያለቅሳሉ። እኔ ይህ ሁሉ ሰው ለብሔራዊ ቡድን ተመርጦ ነው እንዴ ብዬ ገረመኝ፤ አንዱማ ሽባ እጅ ነው ያለው። ሊቀመንበሩ ጓድ ሣህሉ ጠረጴዛው ጋ ነበር። አሰልጣኙ መጣ ወይስ ቀደምኩት አልኩት። ጓድ ሣህሉ ታኬታዬን አየ፣ ፊቴን አየ፣ እንደገና ታኬታዬን አየ። ከዚያ «አሰልጣኙማ ጦላይ ቆሞ ይጠብቅሃል፣ ጫማ ግን እነሱ ናቸው የሚሰጡህ» አለኝ። ጦላይ የወታደር ማሰልጠኛ ነው። መሬት የተቀመጡት ልጆች፣ ሲያለቅሱ የነበሩት ሁሉ፣ በሳቅ ፈረሱ። እኔም ሳቅኩ። ሌላ ምን አደርጋለሁ? በጅማ ውስጥ ብሔራዊ ተጠራ ሲባል ኳስ የመሰለው ብቸኛ ሰው እኔ ነኝ።

ነገሩ ግን እዚያ አላበቃም። ጓድ ሣህሉ አንተን ደግሞ ማን ጠራህ አለኝ። እኛ የጠራነው የየትናየትን ልጅ ነው አለ። ሰማሽ? ከለጢፋ ግቢ የተጠራው አልዓዛር ነው። አሊ ሊለው የነበረው ይሄን ነው። እኔ በአፌ ቀደምኩት። ጓድ ሣህሉ ከዚያ ትንሽ አሰበና ከግቢያችሁ ለዚህ ዙር የተጠየቀው አንድ ሰው ነው፣ የቀረው ሐምሌ ላይ ይታያል፤ አንተም ሁን እሱም ይሁን ለኔ አንድ ነው፣ ቅዳሜ ቁርጡን ንገሩኝ፣ ሰኞ መኪናው ይነሳል አለ። ቅዳሜ ዛሬ ነው።

እማ ነገሩን ስነግራት መጀመሪያ በጥፊ አለችኝ፣ ከዚያ አቅፋኝ የተጠራኸው አንተ ካልሆንክ አልሃምዱሊላህ፣ ቶሎ ወደ እህትህ ጥፋ አለች። እትዬ የትናየት ከበራቸው ላይ ቆመው ይሰማሉ። ገብተው በሩን ቀስ ብለው ዘጉ፤ ቢወረውሩት ይሻለኝ ነበር። አልዓዛርም ጥሪው የኔ ነው፣ አንተ አሰብ ሂድ፣ ባሕር እንደምትወድ አውቃለሁ አለኝ። እውነቱን ነው። ባሕር አይቼ አላውቅም፤ ጊቤን ብቻ ነው ያየሁት። አንቺ ዳር የሌለው ውሃ ብለሽ ከላክሽብኝ ጀምሮ በሐሳቤ እዚያ ዳር ላይ ኳስ እየነዳሁ ነው የምተኛው። ከዚያ ወዲያም መርከብ አለ፣ ከመርከቡ ወዲያ ሌላ አገር አለ። የሚጠቅመኝ እሱ ነው፤ ማንም ሞኝ ያውቀዋል።

ሐሙስ ዕለት አሊ ያጠፋ መስሎት ልጁን ላለማምደው ብሎ ግቢያችን መጣ። ለአልዓዛር ዱላ ሰጠውና ይሄ ጠመንጃ ነው፣ አነጣጥር አለው። አልዓዛር ዱላውን ማንም ወደሌለበት ወደ አጥሩ አዞረ። ሰው ወዳለበት እንጂ፣ አነጣጥር ነው ያልኩህ አለው አሊ። እያነጣጠርኩ ነው፣ ማንንም እንዳይመታ አለ አልዓዛር። አሊ ሳቀ፣ እኔም ሳቅኩ። እማ ግን ደጃፉ ላይ ተቀምጣ ታይ ነበር፣ አልሳቀችም። ኢልመ ኮ፣ ልጄ፣ ይሄ ልጅ እኮ እዚያ ሳምንት አይቆይም አለችኝ። ከዚያ ወዲህ ወደ እህትህ ጥፋ ብላኝ አታውቅም። ሂድም አትልም፣ ቅርም አትልም። የታኬታዬን ማሰሪያ ብቻ ትፈታለች፣ ታስራለች።

ቆይ። የተቀመጥኩበት ጆንያ ሊጫን ነው፣ ተነስ እያሉኝ ነው። እመለሳለሁ።

ተመለስኩ። ጆንያው ሲጫን እኔም አብሬው ተነሳሁና እግሬ ይዞኝ ሄደ። ቀበሌ ደርሼ መጣሁ። ጓድ ሣህሉ እህ፣ የኳስ ተጫዋቹ፣ ቁርጡ ምንድነው አለኝ። ከለጢፋ ግቢ ብሔራዊ የተጠራው እኔ ነኝ አልኩት። እርግጠኛ ነህ አለኝ። ሜዳው ሙሉ ሰምቷል፣ ሂርማታ ሙሉ ሰምቷል፣ ዱአው ተደርጓል፣ ማሩ ተበልቷል አልኩት። ዘፈኑም የወጣው በኔ ስም ነው፤ አሁን አልዓዛር ብትሉ ዙቤይዳ ቤት አይመታላትም። ጓድ ሣህሉ ሊስቅ ፈለገና ተወው። ከወንበሩ ተነስቶ ጨበጠኝ። እሱ ለሰው ሲነሳ አይቼ አላውቅም።

ፈራህ ወይ ካልሽኝ፣ አልፈራሁም። ይህን ስጽፍ እግሬ የመኪናውን ጎማ ሲደበድብ ጋሽ ዘለቀ ሁለት ጊዜ ተቆጡኝ እንጂ። እሱ ደግሞ ልማድ ነው። እኔ ፈጣን ነኝ ፈድሊያ፤ ማንም ሳይነካኝ በሦስት ሰው መሐል እንዴት እንደማልፍ አይተሻል። እዚያም አልፋለሁ ኢንሻአላህ። ጦላይም ቡድን ይኖራል፣ ዘጠኝ ቁጥራቸውን ከአሁኑ ያሳርፉት።

አሁን መልሱ። አልመጣም። ይህን ደብዳቤ በእጁ የሚሰጥሽ፣ ጋሽ ዘለቀ ረዳቴ ነው ብለው መሸኛ ያስወጡለት ልጅ አልዓዛር ነው። ሐምሌ ላይ ሌላ ዙር አለ፣ ሳይጠራ ይውጣ። እሺ ያሰኘሁት በጭንቅ ነው። እናቴን ማን ያያታል አለኝ፤ የኔ እናት አልኩት። ያንተንስ አለኝ፤ ያንተ እናት አልኩት። አሁን እንኳ ከሥጋ በቀር ድስታቸው አንድ ነው። ከዚያ ጥሪዬን ወሰድክብኝ አለኝ። አንተ ደግሞ ባሕሬን እየወሰድክብኝ ነው፣ ዝም በል አልኩት። ያን ጊዜ ነው ሻንጣውን ያነሳው። ሻንጣ እንኳ አይደለም፣ የቡና ጆንያ ነው።

እንደኔ አድርገሽ ተቀበዪው። እኛ ያረድነውን አይበላም፣ ዓሣ ስጪው። ሰውን ሁሉ ይቅርታ ስለሚል አብደላ ወደብ ሲያስገባው አጠገቡ ይሁን፣ አለዚያ የሰውን ሸክም ሁሉ ይሸከማል። የወደቡ ቡድን በረኛ ከሌለው አለላችሁ፤ አጥቂ ከወደቀ ግን ከውጭ ሆናችሁ ኳሱን አትልቀቅ በሉት። ደግሞ አንድ ነገር፣ በዚህ እንዳታሳፍሪኝ። በደረሰ ማግስት ባሕሩ ዳር ውሰጂውና ያየውን ይጻፍልኝ። አንቺ አትጻፊልኝ። አንቺም እንደኔ ነሽ፣ ትጨምሪበታለሽ። እሱ ውሸት አያውቅበትም፤ ዳር ካለው ዳር አለው ይለኛል፣ ከሌለውም የለውም ይለኛል። የእሱን አምናለሁ።

ለአብደላ ሰላም በይልኝ፤ ወገቡን በሰሊጥ ዘይት ይታሽ። ትንሿን ዙህራን በሁለቱም ጉንጯ ሳሚልኝ፣ ግራ እግሯንም። ያ ቡናችንን ሳሎን ተቀምጦ የሚጨርስ ጎረቤታችሁንም፣ ጅማ ቡና አልቋል በዪልኝ። እማ ላንቺ ዱአ እያደረገች ነው፣ ሻሹን አስራዋለች። እትዬ የትናየት ልጄን አደራ ይላሉ፤ ዛሬ ለመጀመሪያ ጊዜ ልጄ ብለው የጠሩት ግን እኔን ነው፣ እሱን ደግሞ በስሙ። አጎታችን ኢስሃቅ ከደዶ፣ ከነዛፎቻቸው ሰላም ይሉሻል። አሊም ይቅርታ ይልሻል፣ ለምን እንደሆነ አይገባውም፣ ብቻ ይላል። ሰኞ ስንሄድ ዙቤይዳ ያቺኑ ዘፈን ትዘፍንልኛለች፤ አንድ ፊደል አልቀየረችበትም፣ እንዳለ ገጠመ።

አልዓዛር ጋቢና ገብቶ ቁጭ ብሏል፣ መኪናው ገና ነገ ነው የሚነሳው ብንለው እንቢ ብሎ። ጎማው ላይ ተደግፌ መጻፌን በመስኮት ያያል። ምን እየጻፍክ ነው አለኝ። ኳስ አቀብዬ ነው አልኩት። አላመነኝም። አንቺ ንገሪው።

ወንድምሽ ቲጃኒ
ጅማ፣ ሂርማታ
ቅዳሜ ሰኔ 4 ቀን 1980 ዓ.ም.